የሸረሪት ደም ግፊት

ሰፈርተኛው ሁሉ ሸረሪት ነው የሚለው። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና መንጃ ፈቃዱ ብቻ ናቸው እየተባለ ይቀለድበት ነበር። ሥራው ግድግዳ ላይ መሄድ ነው፤ ያውም በሞተር ሳይክል።

ከመናፈሻው ጀርባ፣ ከመወዛወዣዎቹና ከአይስክሬም ሻጮቹ አለፍ ብሎ፣ ትልቅ በርሜል የመሰለ የእንጨት ቤት ቆሟል። ክብ ነው፤ ጣራ የለውም፤ ቁመቱ የሁለት ፎቅ ቤት ያህላል፤ ጣውላዎቹ እንዳይበታተኑ ውጪው በብረት ገመድ ተጠፍንጓል። ተመልካቹ በውጭ በኩል ባለው ደረጃ ወጥቶ አፋፉ ላይ ይቆምና እንደ ጉድጓድ ቁልቁል ያያል። ሸረሪት ከታች ሞተሩን ያስነሳና ወለሉንና ግድግዳውን በሚያገናኘው ተዳፋት ላይ ዞር ዞር ይላል። ፍጥነት ሲይዝ ነዳጅ ጨምሮ ቀጥ ያለው ግድግዳ ላይ ይወጣል። ያን ጊዜ ሰውየውና ሞተሩ ጣውላ ላይ እንደተመታ ምስማር አግድም ይሆናሉ፤ ጎማው ጣውላው ላይ፣ የሰውየው ራስ ወደ ክቡ መሐል። እንዲያ ሆኖ ይዞራል። እጁን ለቅቆም ይዞራል። አፋፉ ድረስ ወጥቶ የተመልካቹን ኮፍያ ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ይመለሳል። ሴቶቹ ይጮኻሉ። ወንዶቹ «ይቺ ምን አላት!» ይላሉ፤ መጀመሪያ ወደ ኋላ የሚሸሹት ግን እነሱ ናቸው።

ሸረሪት በዚህ ሥራ ላይ ነው የሸበተው። ሞተሩን የምትይዝለት ታናሽ እህቱ ናት። እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ትቀይራለች፣ ሰንሰለቱን ትወጥራለች፣ በትርኢቱ ሰዓት ቀይ ቱታዋን ለብሳ ወለሉ መሐል ትቆማለች። በየማለዳው ደግሞ ተመልካች ሳይመጣ ሞተሩን ግድግዳ ላይ አውጥታ ትሞክረዋለች። ልክ እንደ ወንድሟ አድርጋ ነው የምትዞረው። ያንን ያየ ሰው ግን ከመናፈሻው ዘበኛ በቀር የለም፤ ዘበኛውም ቢሆን ማለዳ ማለዳ እንቅልፍ ያሸንፈዋል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሸረሪት ግድግዳው ላይ እንዳለ ቀለም ጠፋበት። መጀመሪያ የእህቱ ቀይ ቱታ ግራጫ ሆነ። ቀጥሎ ከግራም ከቀኝም ጨለማ እየገፋ መጣና የሚያየው ሁሉ በቧንቧ ቀዳዳ እንደሚታይ ነገር ጠበበ። ጆሮው ይሰማል፤ ሞተሩ ይጮኻል፤ ዓይኑ ግን የለም። በደመ ነፍስ ነዳጁን ቀነሰ፤ ቀስ እያለም ወደ ታች ወረደ። ተዳፋቱ ላይ ሲደርስ ብርሃኑ ተመለሰ፤ ቀዩም ቀይ ሆነ።

«ምነው ቶሎ ወረድክ፣ ጋሼ?» አለችው እህቱ።

«ካንዴላው ነው። እያቋረጠብኝ ነው» አላት ዓይኗን ሳያይ።

«ሲያቋርጥ እኮ አልሰማሁም።»

«አንቺ ታች ነሽ፤ እኔ ላይ ነኝ።»

እህቱ የዚያን ዕለት ማምሻውን ካንዴላውን አውጥታ አየችው፤ አዲስ ነው። ካርቡራተሩን አጠበች። የጎማውን አየር ለካች። በማግስቱ ማለዳ መሰላል ተደግፋ ጣውላውን ዙሪያውን በመዳፏ ዳበሰችው፤ ዘይት የነካው፣ የላላ፣ የተሰነጠቀ የለም። ራሷም ወጥታ ዞረችበት። ወንድሟ ሲመጣ እጇን በጨርቅ እየጠረገች በሩ ላይ ጠበቀችው።

«ሞተሩ ጤነኛ ነው። ጣውላውም ጤነኛ ነው። የቀረኸው አንተ ነህ።»

ሸረሪት ሊቆጣ አሰበና ጉልበት አነሰው። እንጨት ሳጥን ላይ ቁጭ ብሎ የሆነውን ነገራት። ከዚያ ቅዳሜ በፊትም አንድ ሁለቴ ትንሽ ትንሽ እንደነካካው አልደበቃትም።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ኪኒኑን ከጀመርኩ ወዲህ ነው መሰለኝ።»

ኪኒኑ የሚስቱ ድል ነበር። ሚስቱ መጋረጃ ሰፊ ናት፤ በምንም ነገር የምትቸኩል ሴት አይደለችም፤ በዚህ ነገር ግን ሞቼ እገኛለሁ ብላ ክሊኒክ ድረስ ጎትታ ወስዳ አስመርምራዋለች። የደም ግፊቱ ሰማይ ጠቀስ ሆኖ ተገኘ። ኪኒን ታዘዘለት። በየቀኑ ጠዋት ኪኒኑን በአንድ እጇ፣ ውሃውን በሌላው ይዛ ፊቱ ትቆማለች። ግፊቱም ወረደ። በዚህ ደስታዋ ወሰን አልነበረውም።

እህትየው ወንድሟን ይዛ ክሊኒኩ ሄደች። ዶክተሯ ወጣት ሴት ናት፤ ረጅም የቁልፍ ማንጠልጠያ አንገቷ ላይ አለ። ካርዱን ገልጣ አየችና «ሹፌር ነኝ ብለውኝ አልነበር?» አለችው።

«ሹፌር ነው» አለች እህትየው። «መንገዱ ነው የቆመው።»

ነገሩን ስታስረዳት ዶክተሯ ብዕሯን አስቀመጠች።

«ግድግዳው ላይ የሚይዝዎት ምንድን ነው?» ስትል ጠየቀችው።

«ወደ ውጭ የሚጎትት ኃይል አለ» አለ ሸረሪት አፉን ሞልቶ። «በማይክሮፎንም እንዲያ ነው የምንናገረው።»

«የለም።»

«እንዴት የለም? እኔ አይደለሁ እንዴ እዚያ ላይ ያለሁት?»

ዶክተሯ ማንጠልጠያውን ከአንገቷ አወለቀችና ቁልፎቹን ከራሷ በላይ ታዞር ጀመር። «ቁልፉ ለራሱ ቢተው ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። በየቅጽበቱ ወደ መሐል እየሳበ መንገዱን የሚያጥፍበት ገመዱ ነው። ወደ ውጭ የሚጎትተው ማንም የለም። አሁን ገመዱን ብለቀው...»

ለቀቀችው። ለማሳየት ብላ ይሁን አምልጧት፣ እሷም የምታውቅ አትመስልም። ቁልፉ ቀጥ ብሎ በረረና ከመድኃኒት ቁምሳጥኑ ኋላ ገባ። ሁለቱ ሴቶች ቁምሳጥኑን ከግድግዳው ሲያላቅቁ ሸረሪት ተንበርክኮ እጁን ሰደደና ከነአቧራው አወጣላት።

«ቀጥ ብሎ ነው የሄደው» አለ ጉልበቱን እያራገፈ። መስክር የተባለ ይመስል።

«አዎ» አለች ዶክተሯ ፊቷ ቀልቶ። «እርስዎን ደግሞ እንደ ገመዱ የሚያጥፍዎ ግድግዳው ነው። ግድግዳው ጎማውን ወደ መሐል ይገፋዋል፤ ሞተሩ እርስዎን ይገፋል። ጎማው ጣውላውን ነክሶ የማይንሸራተተውም በዚያ ግፊት ነው። ቀስ ካሉ ግፊቱ ያንሳል፤ ጎማው ይለቃል። ይህን እርስዎ ኖረውበታል። ደምዎን ግን ማን ይግፋው?»

ሸረሪት እህቱን አየ። እህቱ ዶክተሯን ታያለች።

«ደሙ ሰውነትዎ ውስጥ እንደ ልቡ የሚሄድ ፈሳሽ ነው። እንደ ቁልፉ ቀጥ ብሎ መሄድ ነው የሚቀናው። እግርዎ በግድግዳው በኩል ስለሆነ ወደ እግርዎ ይሄዳል። ወደ ራስዎ የሚመልሰው ልብዎ ብቻ ነው። በፈጠኑ ቁጥር ደግሞ ሸክሙ ይብሳል፤ ሁለት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ ይሆንበታል። ልብዎ ሲያቅተው መጀመሪያ የሚጠፋው ዓይን ነው። ቀጥሎ ሰውየው ራሱ ነው የሚጠፋው።»

«እስከ ዛሬስ? ይኼን ሁሉ ዘመን ደሜ የት ነበር?»

«እስከ ዛሬ ግፊትዎ ከፍተኛ ነበር። ሳይረዳዎት አልቀረም። አሁን እኔ አወረድኩት።»

«በሽታዬ ነው እንዴ ሲያሠራኝ የኖረው?»

ዶክተሯ ሳቀች። ወዲያው ግን ሳቋን ዋጠችው፤ ሰውየው አልቀለደም ነበር።

«እንግዲህ ሲቀንስ ይወድቃል፣ ሲጨምር ይጨልምበታል ማለት ነው?» አለች እህትየው።

«አዎ። በሁለቱ መካከል ያለችው ቦታ በጣም ጠባብ ሆናለች። መድኃኒቱን ልቀይርልዎ እችላለሁ፤ ነገር ግን ግፊትን የሚያወርድ ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚያው ነው። ከሁለት አንዱን መምረጥ አለብዎት፤ ኪኒኑን ወይ ግድግዳውን። ኪኒኑን ተዉ ብዬ ደግሞ አልመክርዎትም።»

ሊወጡ ሲሉ ጠራችው። «ድንገት ላይ ሆነው ከመጣብዎት እግርዎንና ሆድዎን ጨምድደው ይያዙ። የጦር አውሮፕላን አብራሪዎች እንደዚያ ነው የሚያደርጉት፤ ደሙን ወደ ላይ ይመልሰዋል። ይህ ግን መውረጃ እስኪያገኙ ነው እንጂ መፍትሔ አይደለም። ሰሙኝ?»

«ሰምቻለሁ» አለ።

የሰማው ግን ግማሹን ነበር። ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ «ደህና ነህ ብላኛለች» አላት። ለእህቱም ለጊዜው ሆድሽ ይፍጀው አላት። በልቡ አንድ መላ ዘይዷል። ትርኢት በሌለበት ቀን ኪኒኑን ይውጣል፤ ትርኢት ሲቃረብ ይተወዋል። ሚስቱ እንደ ልማዷ ኪኒኑንና ውሃውን ይዛ ስትቆም ኪኒኑን ምላሱ ሥር ያስቀምጥና ውሃውን ብቻ ይጠጣል። ከዚያ ደጅ ወጥቶ ከአበባው ጣሳ ውስጥ ይተፋዋል። አበባው ምን እንደተሰማው አይታወቅም፤ ሸረሪት ግን የመጀመሪያውን ሳምንት ደህና አድርጎ ዞረ። ዓይኑ ብሩህ፣ እጁ የጸና። እህቱ በጥርጣሬ ስታየው «ለመድኩት መሰለኝ» አላት።

በሚቀጥለው እሑድ አፋፉ ግጥም ብሎ ሞልቷል። ሸረሪት ወጣ። ሁለት ዙር፣ ሦስት ዙር ሄደ። እጁን ለቀቀ፤ ጭብጨባው እንደ ዝናብ ወረደ። ጭብጨባ ለሚወድ ሰው ደግሞ ያ መጥፎ ነገር ነው፤ ከወትሮው ፍጥነት አሳልፎ ነዳጁን ጨመረ፣ ወደ አፋፉም ወጣ። እዚያ ላይ ሳለ ቀለሙ ሄደ። ግራጫውን ሳያየው ቀጥታ ጥቁሩ መጣ። ቧንቧ የለ፣ ቀዳዳ የለ።

መሪውን አጥብቆ ያዘ። ነዳጁን ድንገት ቢለቅ ጎማው እንደሚለቅ፣ ቢጨምር ደግሞ ጨርሶ እንደሚጠፋ ያውቃል። የዶክተሯ ቃል የመጣለት ያኔ ነው። ጥርሱን ነክሶ እግሩን ጨመደደ፣ ሆዱን አጠበቀ፣ እንደሚያምጥ ሰው ትንፋሹን ያዘ። በጨለማው መሐል የሳንቲም ያህል ብርሃን ተከፈተች። በዚያች ብርሃን ውስጥ ቀይ ነገር አየ፤ እህቱ ናት፣ ሁለት እጇን እያወረደች «ቀስ! ቀስ!» ትላለች። ድምጿ አይሰማውም፤ እጇን ግን አነበበው። ነዳጁን በጥቂት በጥቂቱ እየቀነሰ ወረደ። ተዳፋቱ ላይ ሲደርስ ግን መሪውን ቀድሞ አጠፈው፤ ሞተሩ ወደ አንድ ወገን እሱ ወደ ሌላ ወገን ተወረወሩ።

ተመልካቹ የትርኢቱ አካል መስሎት ቆሞ አጨበጨበ።

እህቱ ሞተሩን አጥፍታ አጠገቡ ተንበረከከች። «ኪኒንህን ውጠሃል?»

«ውጫለሁ» አለ በጀርባው ተንጋሎ፣ ሰማዩን እያየ።

ግራ እጁ ተሰብሮ ነበር። ጀሶ ካሰሩለት በኋላ ያችው ዶክተር መጣች፤ ሚስቱም ከስፌቷ ላይ ተነስታ መርፌው ሸሚዟ ላይ እንደተሰካ ደርሳለች። ዶክተሯ ግፊቱን ለካች። ደግማ ለካች፤ ሰማይ ጠቀስ ነው።

«ኪኒኑን እየወሰዱ ነው?»

«በእጄ ነው የምሰጠው» አለች ሚስቱ ፈጠን ብላ። «ፊቴ ነው የሚውጠው።»

ዶክተሯ ሸረሪትን አየችው። ሸረሪት ጀሶውን ያያል። ሚስቱ ሁለቱን ተራ በተራ አየችና ገባት። አልጮኸችም። ሸሚዟ ላይ ያለውን መርፌ ነቅላ መልሳ ሰካችው።

«እናትህ ግማሽ ጎኗ ሽባ ሆኖ ስትተኛ» አለችው፣ «ማን ነበር የሚያገላብጣት? ማን ነበር በማንኪያ የሚያጎርሳት? አንተ ቅዳሜና እሑድ ሥራ ነበረህ። እኔ አንድም ቀን ይኼን ነገር አንስቼብህ አላውቅም።»

«አላነሳሽም።»

«አሁን አነሳሁት። አንተን ማገላበጥ አልፈልግም። አቅቶኝ አይደለም፤ አልፈልግም።»

ብላ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ሸረሪት በዕድሜው ብዙ ጊዜ ወድቋል፤ ጎድኑም ቁርጭምጭሚቱም ተሰብሮ ያውቃል። ከዚያ ሁሉ ይልቅ ይህ አንጀቱ ውስጥ ገባ። ዶክተሯ ቀስ ብላ መጋረጃውን ስባለት ሄደች፤ እሱም ብቻውን አለቀሰ፤ ከዚያ ፊቱን በጀሶው ሊጠርግ ሞክሮ ጀሶው ሻካራ ሆነበት።

በሳምንቱ መሐል እህቱ ቤቱ መጣች። እሱ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል፤ ሚስቱ ጓዳ ውስጥ የስፌት መኪናዋን ታሽከረክራለች።

«ቅዳሜ እንዝጋው ወይስ ምን ይሻላል?» አለችው።

«አንቺ ውጪ።»

እህቱ የሰማችውን ያላመነች መሰለች። «ምን አልክ?»

«ውጪ አልኩሽ። በየማለዳው አይደል የምትዞሪው? እንደማላውቅ መሰለሽ?»

«እንደምታውቅማ አውቃለሁ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«አንተ ለምን ውጪ አላልከኝም?»

መልሱ ጭብጨባው እንደሆነ ሁለቱም ያውቁታል። እሱ ቀና ብሎ «የበሩ ላይ ስም መቀየር አለበት» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ። «ሸረሪት ነው የሚለው።»

«ምን ችግር አለው? ሸረሪት ድሮም ሴት ናት።»

ከጓዳ የመኪናው ድምፅ ቆመ። ሚስቱ ስትስቅ ተሰማ።

ቅዳሜ ዕለት ሸረሪት ለመጀመሪያ ጊዜ በውጭ በኩል ባለው ደረጃ ወጣ። ወለሉ ላይ እንዳይቆም በተሰበረ እጅ ለእህቱ ሸክም ይሆናል። ሚስቱም አብራው ወጣች፤ ደረጃውን እየቆጠረች፣ መያዣውን ሙጭጭ አድርጋ። ከተመልካቹ መሐል ተሰለፉ። የሚያውቀው የለም፤ ከላይ ሆኖ ፊቱን አይቶት የሚያውቅ ማን አለ? አጠገቡ የቆመ ባለ ባርኔጣ ሰው ለጓደኛው ያስረዳል።

«ማግኔት ነው» ይላል። «ጎማው ውስጥ ይከቱታል። የማውቀው ሰው አለ፣ እሱ ነው የነገረኝ።»

«ጣውላ ማግኔት ይይዛል እንዴ?» አለው ሸረሪት።

ሰውየው ከላይ እስከ ታች አየው። «አባባ፣ ይኼ ቴክኒክ ነው።»

ሸረሪት ሊመልስለት አፉን ሲከፍት ሞተሩ ተነሳ። እህቱ ተዳፋቱ ላይ ዞረች። ትንሽ ቆይታ፣ እሱ ከሚወጣበት ቀደም ብላ፣ ግድግዳው ላይ ወጣች። ከላይ ሲታይ ነገሩ ሌላ ነው። ሰው አይመስልም፤ ከራስ ቆብና ከሁለት እጅ በቀር የሚታይ የለም። ከሁሉ ያስደነገጠው ግን ዓይኑ ያየው አልነበረም፤ እህቱ በእሱ በኩል ባለፈች ቁጥር የቆመበት መድረክ ይነቀነቃል። ግድግዳው እሷን ወደ መሐል ሲገፋ እሷም ግድግዳውን ወደ ውጭ ትገፋዋለች፤ ያ ግፊት በጣውላው አልፎ፣ በመድረኩ አልፎ ጫማው ሥር ይደርሳል። ቤቱ በሙሉ ከእሷ ጋር ይወዛወዛል። ያን ሁሉ ዘመን ሲያወዛውዘው ኖሮ ከውስጥ አልተሰማውም።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው እንዴ?» አለ ለሚስቱ በጆሮዋ።

«ሁልጊዜ። እንደተጋባን ሰሞን አንድ ቀን ወጥቼ ነበር። እግሬ ሥር እንዲህ ሲለኝ ልቤ ቀጥ አለ። ከዚያ ወዲህ አልወጣሁም።»

«አልነገርሽኝም።»

«ብነግርህ ትተወው ነበር?»

እሱ ጤነኛ እጁን ከእጇ አጠገብ መያዣው ላይ አስቀመጠ። እህቱ አፋፉ ድረስ ወጣች፤ ባለ ባርኔጣው ሰው ማግኔቱን ረስቶ ወደ ኋላ ዘለለ። ጭብጨባው ሲወርድ ሸረሪት በአንድ እጁ ማጨብጨብ አልቻለምና መያዣውን እየመታ ጮኸ።

ሲያልቅ ታች ወረደ። እህቱ የራስ ቆቧን አውልቃ ላቧን ትጠርጋለች።

«እንዴት ነበርኩ?»

«አፋፉ ላይ ዘገየሽ።»

«ሰዎቹን ሳይ ነው። ጠዋት ጠዋት እኮ ሰው የለም፤ ፊታቸውን አይቼው አላውቅም። አንዲት ሴትዮ አፏን ስትከፍት የጥርሷን ወርቅ ሁሉ አየሁት።»

«ፊት አትዪ። ጣውላውን እዪ።»

«አንተ አታይም ነበር?»

«እኔ...» ብሎ ጀመረና ተወው። «አንዳንዴ አይ ነበር» አላት።

ጀሶው ከወለቀ በኋላ ማይክሮፎኑን እሱ ያዘ። መጀመሪያ ሰሞን ወደ ውጭ የሚጎትት ኃይል እንደሌለ፣ ወደ ውስጥ የሚገፋው ግድግዳው እንደሆነ፣ በቁልፍ ማንጠልጠያ እያሳየ ሲያስረዳ ሕዝቡ «ሙዚቃ ክፈት!» እያለ አቋረጠው። አሳጠረው። ኪኒኑን ሚስቱ ፊት ይውጣል፤ ከዋጠ በኋላ ሳትጠይቀው ምላሱን አንስቶ ያሳያታል። እሷም እንዳላየች ሆና ታያለች።

አንድ ማለዳ እህቱ ሞተሩን ልትሞክር ስትል በሩ ላይ ቆሞ አገኘችው።

«ተዳፋቱ ላይ ብቻ» አላት።

ትንሽ አየችውና ሞተሩን ለቀቀችለት። ተነሳ። ተዳፋቱ ላይ ዘንበል ብሎ ቀስ እያለ ዞረ። ግድግዳው እዚያው በቀኙ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ጥቂት ነዳጅ ቢጨምር ይወጣበታል። እህቱ እጇን አጣምራ ወለሉ መሐል ቆማለች። አንድ ጊዜ ዞረ። ደገመ። ከዚያ ወለሉ ላይ ወርዶ ሞተሩን አጠፋና እግሩን አሻግሮ ወረደ።

«የፊት ጎማው አየር ያንሰዋል» አላትና የራስ ቆቡን አቀበላት።